የባሕር ዳርቻ ቤት ለአንድ ሳምንት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ሰመር ሲቃረብ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚደርሱን ጥያቄዎች እየተመሳሰሉ መጥተዋል፦ ዴላዌር ጠረፍ ላይ ቤት ተከራይተን ቤተሰብ ሰብስበን ብንሄድስ? ከመካከላቸው አምስቱን መርጠናል። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍነው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ ቀኖቹ ግን በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሦስት ቤተሰብ ሆነን ጁላይ ውስጥ ቤታኒ ቢች አንድ ቤት ልንይዝ ነው። አሥር አዋቂና አራት ልጆች ነን። «14 ሰው ያስተኛል» የሚል ቤት አግኝተናል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ዘመድ ሊመጣብን ይችላል። ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠይቅ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ በቅድሚያ «14 ሰው» የሚለውን ይበትኑት። አከራዮች ሳሎን ያለውን ተዘርጊ ሶፋ ሁለት ሰው፣ የልጆቹን ተደራራቢ አልጋ አራት ሰው እያሉ ይቆጥራሉ። በየክፍሉ ስንት አልጋ እንዳለ፣ ኪንግ ይሁን ኩዊን ወይም ትዊን፣ በጽሑፍ ይላክልዎ። ለእናንተ ዋናው ቁጥር በሩ የሚዘጋ መኝታ ቤት ብዛት ነው። አሥር አዋቂ ይዞ አራት መኝታ ቤት ብቻ ያለው ቤት ከያዙ፣ አንዱ ባልና ሚስት ሳምንቱን ሙሉ ሶፋ ላይ ያድራሉ፤ ሌላው ቡና ሊያፈላ ሲነሳም አብረው ይነሳሉ።

ደረጃ ፎቶ ላይ አይታይም። ጎርፍ ስለሚያሰጋቸው ከጠረፉ ቤቶች ብዙዎቹ በምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ መኪናው ከሥር ይቆማል። አንዳንዶቹ ደግሞ ውቅያኖሱ እንዲታይ ሲባል ወጥ ቤታቸውና ሳሎናቸው ላይኛው ፎቅ፣ መኝታቸው ታች ነው። እንዲህ ያለው ቤት ለወጣት ደስ ይላል፤ እናትዎ ግን ለቁርስም፣ ለምሳም፣ ለእራትም ደረጃ ሊወጡ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ ስንት ደረጃ እንዳለ፣ መኝታና ሻወር ከወጥ ቤቱ ጋር አንድ ፎቅ ላይ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ። «ጥቂት ነው» ካሏችሁ አትቀበሉ፤ ቆጥረው ይንገሯችሁ።

ወደ ዘመድ እንምጣ። የሰመር ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው። የምትገቡት ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ፣ የምትወጡት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን ሆኖ በእጃችሁ የሚቀረው እሑድ ብቻ ነው፤ እንግዳ የሚጠራውም ያን ቀን ነው። ውሉ ላይ የተጻፈው የሰው ቁጥር የሚያድሩትን ብቻ ነው ወይስ ውለው የሚሄዱትንም ይጨምራል? ይህን ሳይጠይቁ ሃያ ሰው ግቢ ውስጥ ከታየ፣ ጎረቤት ይደውላል፤ ባለቤቱም ገንዘብ ሳይመልስ የማስወጣት መብት በውሉ ሊኖረው ይችላል። የመኪናውም ነገር ቀላል አይደለም። ግቢው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት መኪና በላይ አይዝም፤ በሰመር ደግሞ የመንገድ ላይ ማቆሚያው በክፍያ ወይም በፈቃድ ነው።

ሒሳቡን ስትከፋፈሉ የኪራዩን ዋጋ ብቻ አትያዙ። ዴላዌር የሽያጭ ታክስ የላትም፤ ነገር ግን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በአጭር ጊዜ የቤት ኪራይ ላይ 4.5 በመቶ የግዛት ታክስ አለ፤ ከተሞችም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። 4,000 ዶላር ከተባለ ቤት ላይ የግዛቱ ታክስ ብቻ 180 ዶላር ነው። የጽዳት፣ የአገናኝ ድርጅትና የመያዣ ገንዘብ ሲደመር ስንት እንደሚሆን አንድ ወረቀት ላይ ይጠይቁ። ክፍፍሉ በመኝታ ቤት ቢሆን ይሻላል እንላለን። በሰው ቁጥር ሲሆን ልጅ የበዛበት ቤተሰብ ይጎዳል፤ የራሱ መታጠቢያ ያለውን ትልቁን ክፍል የያዘው ደግሞ ይጠቀማል።

አንሶላና ፎጣ አለ ብለው አይገምቱ። በአካባቢው ወኪሎች የሚከራዩ ቤቶች ብዙዎቹ ትራስና ብርድ ልብስ እንጂ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ፎጣ አይሰጡም። ሶፍት፣ የቆሻሻ ላስቲክና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናም ለመጀመሪያው ምሽት የሚበቃ ካገኛችሁ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ፌስቡክ ላይ ሪሆቦት ቢች ውስጥ ለውቅያኖሱ ቅርብ የሆነ ቤት በግማሽ ዋጋ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ሙሉውን ዛሬ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው ገንዘብ በሚልከው መተግበሪያ) ከላክሁለት ሌላም እንደሚቀንስልኝ ነግሮኛል። ልላክ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ አይላኩ። እንደ ልማዱ ሲፈርሙ ግማሹን ያህል ይከፍላሉ፤ ቀሪውን ከመግባትዎ አንድ ወይም ሁለት ወር ቀደም ብሎ። ሙሉውን ዛሬውኑ፣ ያውም ማስመለስ በሚያስቸግር መንገድ የሚጠይቅ ሰው ቤቱ የሱ መሆኑ ያጠራጥራል። አድራሻውን ይቀበሉና ሪሆቦት በሚገኝበት በሰሴክስ ካውንቲ የንብረት መዝገብ ላይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይመልከቱ፤ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከተማው የሰጠውን የማከራያ ፈቃድ ቁጥር ይጠይቁት። ፎቶዎቹን ጉግል ላይ ይፈልጓቸው፤ የተሰረቀ ፎቶ ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም ይዞ ይወጣል። ይህን ሁሉ ካለፈ በክሬዲት ካርድ ይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ምጣድና ጀበና ይዘን ብንሄድ ችግር አለው? (ከፎልስ ቸርች)

መልስ፦ ምጣዱ 1,500 ዋት ከሆነ በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ይስባል። ማይክሮዌቭ በዚያው መስመር ላይ ከተከፈተ ብሬከሩ ይወርዳል። ምጣዱን ብቻውን ግድግዳው ላይ ይሰኩት፤ በቀጭን ኤክስቴንሽን አይሁን፣ ገመዱ ይግላል። እኛ ግን ለዕረፍት ሄዶ ከምጣድ ሥር መቆም አይታየንም። እንጀራውን ጋግረው ወይም ገዝተው ይሂዱ። በቀን አንድ ጊዜ ከበላችሁ ለአሥር አዋቂና ለአራት ልጅ በቀን 15 ያህል ይበቃል። ፈጽሞ ሳይበርድ ላስቲክ ውስጥ ከገባ እንፋሎቱ ውሃ ይሆንና በዚያ እርጥብ አየር ቶሎ ይሻግታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በፍሪጅ፣ ቀሪውን በየመካከሉ ወረቀት አድርጋችሁ በፍሪዘር አስቀምጡ። ሳምንታችሁ ከኦገስት 7 እስከ 21 ውስጥ ከወደቀ ፍልሰታ ነውና ዶሮውን ሳይሆን ሽሮውን ጫኑ።

ቡናው ቤት ውስጥ አይቆላ። የጭስ አላርሞቹ ብዙ ቤት ውስጥ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጮሃል። ቆልታችሁ ውሰዱት፤ ሽታው ካማራችሁ ደጅ ባለው የጋዝ ግሪል ላይ ቁሉት። ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ገዳይ ጋዝ ያመጣል፤ የእንጨት ዴክ ላይ ደግሞ እሳት ያስነሳል። ዕጣኑም ደጅ ይሁን፤ መጋረጃ ውስጥ የገባ የጭስ ሽታ ከመያዣው ላይ ያስቆርጣል።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን ዋና የተማሩት ገንዳ ውስጥ ነው። ውቅያኖሱ ያሰጋቸው ይሆን? (ከላውረል)

መልስ፦ አዎ፣ ጥልቁ ብቻ ሳይሆን ጠርዙም ያሰጋል። በዴላዌር ዳርቻ አሸዋው ውሃው ጠርዝ ላይ በድንገት ይወርዳል፤ ማዕበሉም ጉልበት በማይሞላ ውሃ ላይ ወድቆ ይሰበራል። ጀርባውን ለባሕሩ የሰጠውን ሰው አንስቶ በጭንቅላቱ አሸዋው ላይ ይተክለዋል። የአንገት ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ነው፤ ከልጆቹ ይልቅ ደግሞ ትልልቆቹ አይጠነቀቁም። ፊታችሁን ወደ ማዕበሉ አድርጉ፤ በጭንቅላት ዘላችሁ አትግቡ፤ ስትወጡም ወደ ኋላ እያያችሁ ውጡ።

ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረት ከያዛችሁ ፊት ለፊት ወደ ዳርቻው አትታገሉት፤ ጉልበት ይጨርሳል። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ዋኙ፤ ጅረቱ ሲለቃችሁ ትመለሳላችሁ። ላይፍጋርዶች ከመቀመጫቸው የሚወርዱት ወደ 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ልጅ ውሃ ውስጥ አይኑር።

በነገራችን ላይ፣ አራት እግር ያለውን ትልቅ ድንኳን እቤታችሁ ተዉት። ሪሆቦትም ቤታኒም በዳርቻው ላይ ከልክለውታል። የሚፈቀደው ስፋቱ ከ8 ጫማ ያልበለጠ ጃንጥላና ለሕፃን የሚሆን ትንሽ መጠለያ ነው። የጃንጥላውን እንጨት ሁለት ጫማ ያህል ቅበሩት፣ ራሱንም ወደ ነፋሱ አዘንብሉት፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ጃንጥላ ተነቅሎ ሰው ይወጋል።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ወደ ጠረፉ ስንሄድ የምንሻገረውን የቤይ ብሪጅ ድልድይ ሰልፍ እንዴት እናምልጥ? (ከሃያትስቪል)

መልስ፦ ቅዳሜ ከሆነ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ድልድዩን ተሻገሩ። ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ቅዳሜ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ቤቱ ገና ስለማይከፈት፣ የመዋኛ ልብስና ፎጣ ከሻንጣው ሥር ሳይሆን ከላይ አድርጉ። የድልድዩ ክፍያ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ብቻ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ የሜሪላንድ ኢዚ ፓስ (መኪናው ላይ ተለጥፎ ክፍያውን በራሱ የሚያስቆርጥ መሣሪያ) ያለው ሰው በፖስታ ሒሳብ ከሚላክለት ያነሰ ይከፍላል።