ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ወገቤን አሞኝ ኤምአርአይ ብነሣ «ዲስክ ወጣ ብሏል» ተባልኩ። ፊዚዮቴራፒስቱ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው) ሳያሸኝ እንቅስቃሴ ብቻ አዘዘኝ፤ ልክ ነው ወይስ ልተኛ?

ልክ ነው፤ አትተኛ። ኤምአርአይህ ላይ «ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሳይ ነገር) ወጣ ብሏል» መባሉ ብቻውን አልጋ ላይ አያውልህም። ወገባቸውን አሟቸው የማያውቅ ብዙ ሰዎችም ኤምአርአይ ቢነሱ እንዲሁ ይታይባቸዋል። ፊዚዮቴራፒስቱ የኤምአርአይ ፊልሙን ወደ ጎን አድርጎ «ጎንበስ በል፣ ቀና በል» ያለህ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያባብስህና የትኛው እንደሚያቀልልህ ለማየት ነው።

ማሸት ለጊዜው ያስታግሳል። ጡንቻህን ግን አያጠነክርም።

የሰጠህን በየቀኑ ሥራ፤ በትንሹ ጀምረህ ጨምር። ታክሲ ስለምትነዳ ደግሞ ሰው እስኪሞላ ወርደህ ተንቀሳቀስ። ስትሠራ ትንሽ ቢያምህ አትደንግጥ። ሕመሙ ወደ እግርህ እየወረደ ከሄደ ግን አቁምና ንገረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እኔም ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄደው ወገባቸውን አስረግጠው ነው፤ አታድርገው። እግርህ ከዛለ፣ መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ወጌሻም እኔም አንጠቅምህም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ። ሌሊት ሌሊት የሚያልብህና የምትከሳ ከሆነም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይይህ።