ቅጠሉን አውጡት፣ ሣሩን ተዉት

ጥያቄ፦ ቤቴ ገጠር ነው። በአጥሬና በመንገዱ መካከል 60 ሜትር ገደማ የሚሆን የውኃ መውረጃ ቦይ አለ። ከላዩ ትልልቅ ዛፎች ስላሉ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ ጢም ብሎ ይሞላል። አምና ተነሳሁና በአካፋ ሙልጭ አድርጌ ጠረግኩት፣ ሣሩን ሳይቀር ነቅዬ ጣልኩት። ዘንድሮ ጭራሽ ባሰበት! በዘነበ ቁጥር ውኃው መንገዱ ላይ ይወጣል፣ የግቢዬ መግቢያ ሥር የተቀበረው ቱቦም ግማሽ ድረስ አፈር ሞልቶታል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? (ቅጠል የሰለቸው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ እንኳ የሠራኸው አብዝተህ ነው። ጥፋቱ ሣሩን መንቀልህ ላይ ነው።

ከቦይ መውጣት ያለበት ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ፌስታል፣ ጠርሙስና የተከማቸ ደለል ነው። ሣሩ ግን ቆሻሻ አይደለም። ሥሩ አፈሩን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ላዩ ደግሞ የውኃውን ሩጫ ያበርደዋል። አንተ ሣሩን ስትነቅል ቦዩ ባዶ አፈር ሆኖ ቀረ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ያን አፈር ጠራርጎ ወሰደና ውኃው ዝግ የሚልበት ቦታ ሲደርስ አራገፈው። ያ ቦታ ደግሞ ቱቦህ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው አፈር ከሩቅ የመጣ እንዳይመስልህ፣ የራስህ ቦይ ጎን ነው።

እኔም ይችኑ ሠርቻታለሁ። ያውም ብሼ፣ የቦዩን ሁለት ጎን በዶማ እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርጌ ከርክሜው ስጨርስ ቆሜ ሳደንቀው ነበር። ሁለት ዝናብ አልቻለም። ጎኑ እየተገመሰ ወደቀ፣ ከአጥሬ ቋሚዎች አንዱ ከሥሩ አፈሩ ሄዶበት በሽቦው ብቻ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። የቦይ ጎን ገደል መሆን የለበትም። 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው፣ እያንዳንዱ ጎን ቢያንስ 1 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ተኝቶ መውረድ አለበት። እንደዚያ ሲሆን አፈሩም አይናድም፣ ሣር ማጨዱም ቀላል ነው።

አሁን ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ምንም አትንካ። ዝናብ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቦዩን ከላይ እስከ ታች ተከትለህ ሂድና ውኃ ያቆረበት ቦታ ሁሉ ላይ ችካል ትከል። ሥራ ያለው እዚያ ነው፣ ሌላው ቦታ ቅጠሉን ማንሳት ብቻ ይበቃዋል። ብዙ ሰው ግን 60ውን ሜትር እኩል ሲቆፍር ይውልና ወገቡን ይዞ ይገባል።

ሥራውን ከታች፣ ውኃው ከሚወጣበት ጫፍ ጀምር። ከላይ ከጀመርክ የለቀቅከው ቅጠልና ጭቃ ሁሉ ተንሸራቶ ከታች ባለው ድፍን ላይ ይከመራል፣ ከዚያ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ልታወጣው ነው። ከታች ስትጀምር ያቆረው ውኃ ከፊትህ እየጎደለ ይሄዳል፣ የምትሠራውንም ታያለህ።

ለቅጠሉ አካፋ አትጠቀም። አካፋ ቅጠል ሲያነሳ አፈሩንም አብሮ ይዝቃል። እርጥቡን በመንሽ አንሳው፣ ደረቁን በሰፊ መቧጠጫ ሰብስበው፣ ቅጠል የሚነፋው ማሽን ካለህም ለደረቁ ጥሩ ነው። እርጥብ ላይ ግን ከመጮህ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ከአጥርህ በኩል ሸራ ዘርጋና እዚያ ላይ እያወጣህ ጎትተህ ውሰደው። በቦዩ ጠርዝ ላይ ከምረኸው የሄድክ እንደሆነ ነፋስና ዝናብ መልሰው ያስገቡታል። ይሄን የማይሠራ ሰው የለም።

አካፋው የሚመጣው ደለሉ ላይ ነው፣ እሱም ችካል የተከልክበት ቦታ ብቻ። እስከ የት ልቆፍር ካልክ ልኩ የቱቦው ወለል ነው። ከዚያ ዝቅ ካልክ ጉድጓድ ሠርተህ ውኃ ታቁራለህ፣ ሞቃት ጊዜ ከሆነ ደግሞ የቆመ ውኃ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ትንኝ ማፍራት ይጀምራል። ቁልቁለቱ ብዙ መሆን የለበትም። በ100 ሜትር 1 ሜትር ዝቅ ካለ ለሣር ቦይ ደህና ነው፣ ለአንተ ቦይ ከጫፍ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

ሣሩን 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ አድርገህ እጨደው፣ ያጨድከውን ደግሞ እዚያው አትተወው። አምና የላጥከው ቦታ ላይ የዝናቡ ወቅት ሳይከብድ ሣር ዝራበት። ውኃው ከከፍታ የሚወርድበት ቦታ ካለ ድንጋይ ደርድርበት።

ከመቆፈርህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ። ቦዩ ያለበት መሬት የማነው? አጥርህ ሥር ስለሆነ ብቻ ያንተ ነው ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የመንገዱ ክልል ስለሚሆን ቅርጹን ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልግ ይሆናል። ሌላው፣ በመንገድ ዳር የመብራት፣ የስልክና የውኃ መስመር ይቀበራል፣ የት እንዳለ ሳያውቁ ዶማ ማንሳት አይገባም። ቅጠል ለማንሳት ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ በጣም ብዙ ነው፣ ማጓጓዙም ይሰለቻል። ደረቅ ሲሆን እዚያው ቦዩ ውስጥ ባቃጥለውስ? (ደክሞኛል)

መልስ፦ ተው። ጭሱ መንገዱን ሲሸፍነው መኪና የሚነዳ ሰው ምንም አያይም። ሣሩም ይቃጠላል፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ጥያቄ ተመለስን ማለት ነው። ቱቦህ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ እሳቱ ይይዘዋል፣ አንዴ ከያዘው መቅለጡን ቆሞ ከማየት ሌላ ብዙ የምታደርገው የለም። አመዱም በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ወንዝ ይሄዳል።

ይልቅ ከምረው። ሁለት ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ አንድ እጅ ያጨድከው ርጥብ ሣር፣ በሁሉም ጎን 1 ሜትር ያህል የሚሆን ክምር ሠርተህ እንደተጨመቀ ጨርቅ ርጥብ አድርገው። አልፎ አልፎ ካገላበጥከው ኮምፖስት ይሆናል። መጀመሪያ ግን ፌስታሉንና ስባሪውን ልቀም፣ ወፍራም ጓንትም አድርግ፣ ከመኪና መስኮት የሚወረወረው ነገር ብዙ ነው። የመንገድ ዳር ቅጠል የሞተር ዘይትና የጎማ ብናኝ ስለሚነካው ይሄን ኮምፖስት ለጓሮ አትክልት አትስጠው፣ ለዛፍና ለአበባ አድርገው።

ጥያቄ፦ የመግቢያችን ቱቦ ተደፍኗል። የልጅ ልጄ ቀጭን ስለሆነ ገብቶ ያውጣው ወይ ብለን እየተማከርን ነው። ምን ትመክሩናላችሁ? (አያት)

መልስ፦ እናቴ፣ በፍጹም እንዳያስገቡት። ውስጡ ያለው አየር የተበከለ ሊሆን ይችላል፣ እባብ ሊኖር ይችላል፣ ድፍኑ በድንገት ከለቀቀ ደግሞ ውኃው መውጫ አይሰጠውም። ቀጭን መሆኑ ምንም አይጠቅመውም።

ከቱቦው በላይ በኩል ውኃ አቁሮ ከሆነ እስኪጎድል ይጠብቁ። ከዚያ ሁለቱን አፍ ከውጭ ጠርጋችሁ፣ ረጅም ዘንግ ጫፉ ላይ ትንሽ መቧጠጫ አስራችሁ ከታችኛው አፍ በኩል እየሳባችሁ አውጡ። የሚሠራው ሰው አፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቁም። ትንሽ ቀዳዳ ከተገኘ ከላይ በኩል በጎማ ውኃ ልቀቁበት፣ የቀረውን ውኃው ራሱ ይገፋዋል። ካልተንቀሳቀሰ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ይጥሩ። ዝናብ እየዘነበ ደግሞ ማንም ቦዩ ውስጥ አይግባ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ውኃ ትልቅ ሰው ይጥላል።

ጥያቄ፦ ቅጠል እንዳይገባ የቱቦው አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት ልግጠምበት? (ባለ ወንፊት)

መልስ፦ አትግጠም። እርጥብ ቅጠል ወንፊት ላይ ሲለጠፍ እንደ ልስን ነው፣ በአንድ ዝናብ ግድብ ይሆንልሃል። የግድ ካልክ ከአፉ ራቅ አድርገህ፣ አራርቀህ የተከልካቸው ብረቶች ይሁኑ፣ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ወጥተህ የምታጸዳው ከሆነ ብቻ።

ጥያቄ፦ ከእኔ በላይ ያለው ጎረቤቴ የግቢውን ቅጠል ጠርጎ ቦዩ ውስጥ ይጥላል። ውኃ ይወስደዋል ይላል። እንዴት ልንገረው? (የታችኛው ቤት)

መልስ፦ እውነቱን ነው፣ ውኃ ይወስደዋል፣ አንተ ቤት ድረስ። በደረቅ ቀን ሄደህ ብትነግረው ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘህ ሂድና ና ብለህ ቱቦህ አፍ ላይ አምጥተህ አሳየው። ቅጠሉ ተጠቅልሎ ሲደፍን፣ ውኃውም ወደ ኋላ እየተገፋ ወደ እሱ አጥር ሲመለስ በዓይኑ ያያል። ያኔ ሸራህን ልታውሰው ትችላለህ።