ሸክላ ስፌት ምን ያደርግለታል?

የቅርስ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከሸክላ ስብርባሪ ጋር ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ኪታኖች ኮዳ ነው። ኪታኖች ፈረሰኛ አርብቶ አደሮች ነበሩ፤ ከ907 እስከ 1125 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ሰሜን ቻይናና ሞንጎሊያ የሊያኦን መንግሥት አቁመው ገዝተዋል። መጠጣቸውን የሚይዙት ከኮርቻ ጎን በሚንጠለጠል የቆዳ ኮዳ ነበር። በኋላ ሸክላ ሠሪዎች ያንኑ ኮዳ በሸክላ አበጁት፤ አረንጓዴ፣ ነጭ ወይም ቢጫ የሚያብረቀርቅ ቅብም ቀቡት። አናቱ ላይ የተበሳ ጆሮ ስላለው ቻይናውያን በአውራ ዶሮ አናት ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ስም ይጠሩታል። ብዙዎቹ የተገኙት ከመቃብር ነው።

ጎኑን ስታዩት ቀጭን የሸክላ ጠርዝ ይዞረዋል፤ ጠርዙን ተከትለው በወስፌ የተወጉ የሚመስሉ ነጥቦች ተደርድረዋል። ሸክላ አይሰፋም፤ ጅማትም ጠፍርም አይፈልግም። ታዲያ ሠሪው ለምን እንዲህ ደከመ?

ጀማሪ ሳለሁ የአንዱን ፎቶግራፍ ስመዘግብ ነጥቦቹን «ጌጥ» ብዬ አለፍኳቸው። ሌላ ጉዳይ ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ቆዳ ሰፊ ፎቶውን አንስተው አዩና «ይሄ እኮ የአቁማዳ ጠርዝ ነው» አሉኝ። ሁለቱ ቆዳ የት ላይ እንደሚጋጠም፣ ጠፍሩ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያልፍ፣ ፈሳሹ ሲከብድ ሆዱ ለምን ወደ ታች እንደሚነፋ በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩኝ። ኪታን የሚባል ሕዝብ ሰምተው አያውቁም፤ ስፌቱን ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸው አነበቡት። ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል።

ስለዚህ ልለምናችሁ፦ ስለ ሸክላው ከመጻፋችሁ በፊት ቆዳ ሰፊ ዘንድ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ቆዳ ዘፍዝፉ፣ በወስፌ ውጉ፣ ጠፍር ጎትታችሁ አጥብቁ። እጃችሁ ሲያውቀው ዓይናችሁም ያየዋል። ቀደም ያሉት ኮዳዎች ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ ጆሯቸው ለጠፍር የተበሳ ነው። ኋላ የመጡት ቁመታቸው ረዘመ፣ መቀመጫ እግርና ቅስት እጀታ አወጡ፤ ለኮርቻ ሳይሆን ለገበታ የሚመቹ ሆኑ። ይህን ሳይ ከድንኳን ወደ ቤት እየገባ ያለ ሰው ይታየኛል። በአንዳንዶቹ ጆሮ ላይ ትንንሽ ዝንጀሮ ተቀምጧል፤ እሱን ጌጥ ብትሉት አልከራከርም።

ስፌቱን ግን ነጥብ በነጥብ ቁጠሩት፤ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅም መዝገባችሁ ላይ ጻፉ። አቁማዳና ስልቻ የሚሰፉት አዛውንቶችም አሁን አሉ፤ ፎቶውን ይዛችሁ ዘንድሮ ሂዱ።