ዬዢ ሽቱር ኮሜዲያን ነው ወይስ አይደለም?

ሰላም ወንድሜ። «ሴክስሚስያ የሚባለውን ፊልም አይቼ በሳቅ ፈረስኩ። ያንኑ ተዋናይ ፍለጋ አማቶርን ብከፍት ደግሞ ልቤን ሰበረኝ። ይሄ ዬዢ ሽቱር የሚባል ፖላንዳዊ ኮሜዲያን ነው ወይስ አይደለም? ቀጥሎስ የቱን ልይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ተማሪ ሆኜ የኖርኩት በእሱ ከተማ በክራኮቭ ነው። ፊልሞቹን ያየሁትም እሱን እያዩ ካደጉ ልጆች ጋር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ኮሜዲያን ነው። ቀልድ ነጋሪ ግን አይደለም። የሽቱር ሳቅ የሚመጣው ሰው ፊት ደህና ለመምሰል ከሚፍጨረጨር ተራ ሰው ነው። አለቃውን ማስደሰት ይፈልጋል፣ ጓደኛውንም ማስቀየም አይፈልግም፣ መሀል ላይ ላብ ያጠምቀዋል። ሲንተባተብ እንስቃለን። ትንሽ ቆይቶ ያው መንተባተብ ያስጨንቀናል። ሁለቱም ፊልሞች ውስጥ ያየኸው ያንኑ ሰው ነው።

አማቶርን አስታውስ። የፋብሪካ ሠራተኛው ፊሊፕ ካሜራ የገዛው የተወለደች ልጁን ለመቅረጽ ነው። የፋብሪካው ዳይሬክተር የበዓል ዝግጅት ቅረጽልን ሲለው ደስ ይለዋል። መጀመሪያ ላይ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሲሯሯጥ ያስቃል። በኋላ ሚስቱ ትታው ስትሄድ፣ በቀረጸው ፊልም ምክንያት ደግ ባልደረባው ከሥራ ሲባረር፣ ያው ሩጫ ያስፈራል። ሽቱር ትወናውን አልቀየረም። የተለወጠው የድርጊቱ ዋጋ ነው። ለእኔ ትልቁ ችሎታው ይሄ ነው።

ሽቱር በ1947 ክራኮቭ ተወለደ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ትወና ከመማሩ በፊት በያጊየሎንያ ዩኒቨርሲቲ የፖላንድ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምሯል። ትምህርቱ ጠቅሞታል፤ አማቶር ላይ ከዳይሬክተሩ ከክሺሽቶፍ ኪየሽሎቭስኪ ጋር ሆኖ ንግግሮቹን ጽፏል። ከዚያ በፊት አብረው የሠሩት ስፖኩይ የሚባል ፊልም በ1976 ተሠርቶ እስከ 1980 ድረስ ለሕዝብ አልታየም። የሥራ ማቆም አድማ ስለሚያሳይ ነው። ከእስር የወጣ ሰው ሚስት፣ ቤትና ሰላም ብቻ ይፈልጋል፤ በአለቃውና በሠራተኞቹ መካከል ተይዞ ያንንም ያጣል። እሱን ፈልገህ እይ።

ከዚያ በፊት ግን ቮጂሬይን እይ። በ1978 ለእይታ የበቃ የፌሊክስ ፋልክ ፊልም ነው። ሉቴክ የድግስ መድረክ መሪ ነው። አንድ ትልቅ ድግስ ለመምራት ሲል ተፎካካሪዎቹን አንድ በአንድ ያስወግዳል፣ ጓደኛውን ሳይቀር። ሴክስሚስያ ላይ የወደድከው ፍጥነትና ጉልበት ሁሉ እዚህ አለ፤ እዚህ ግን ለክፋት ውሏል።

ስለ ሴክስሚስያ አንድ ነገር ልጨምር። ላላያችሁት፣ የዩሊዩሽ ማኹልስኪ የ1984 ፊልም ነው። ሁለት ወንዶች ለሦስት ዓመት ተብለው በቅዝቃዜ ይተኛሉ፤ የሚነቁት ግን በ2044፣ ሴቶች ብቻ በሚኖሩበት የምድር ውስጥ ዓለም ነው። ሽቱር እዚያ ላይ «ጨለማ! ጨለማ ይታየኛል!» የሚላት ነገር አለች። የዶርማችን መብራት በጠፋ ቁጥር አንዱ ይጮሃታል፣ ኮሪደሩ በሙሉ ይስቃል። ፖላንድ ውስጥ ያላወቃት ሰው አልገጠመኝም።

ትንንሾቹ ደግሞ በድምጹ ነው የሚያውቁት። ሽሬክ የሚባለው የካርቱን ፊልም በፖላንድኛ ሲቀዳ የአህያው ድምጽ እሱ ነው። ቋንቋውን ስለማመድ ያንን ፊልም ደጋግሜ አይቻለሁ። በጣም ፈጥኖ ያወራል፣ ግን አንዲት ፊደል አይውጥም።

ዳይሬክተር ሆኖ ከሠራቸው ውስጥ በ2000 የወጣውን ትልቁ እንስሳ አታልፈው። ታሪኩ ኪየሽሎቭስኪ ትቶት ከሄደው ጽሑፍ የተወሰደ ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰርከስ ጥሎት የሄደውን ግመል ባልና ሚስት ያሳድጋሉ። ግመል ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ እዚያ ግን ጎረቤቱ መጀመሪያ ይደነቃል፣ ቀጥሎ ያጉረመርማል፣ በመጨረሻ ይጠላቸዋል። ባልየው ሽቱር ራሱ ነው፤ ግመሉን እየሳበ በመንገድ ሲያልፍ ያለውን ፊት እይልኝ። በባዕድ አገር የኖረ ሰው ያንን ፊት ያውቀዋል።

በ2011 የጉሮሮ ካንሰር ያዘው። ድኖ ተመለሰና በ2014 ዜጋው የሚል ፊልም ሠራ፤ የገጸ ባህሪውን ወጣትነት የተጫወተው ልጁ ማቼይ ሽቱር ነው። ማቼይም እንደ አባቱ ተዋናይና ኮሜዲያን ነው። አባትየው በ2024፣ በእኛ ሐምሌ 2016፣ አረፈ።

እና ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ቮጂሬይ፣ ስፖኩይ፣ ከዚያ ትልቁ እንስሳ። አማቶርንም ከእነሱ በኋላ ድገመው። ሽሬክን ፖላንድኛ ካልጀመርክ ተወው፤ በትርጉም ጽሑፍ አይያዝም።