ከፍላሽ ጽዳት ወደ ማልዌር ትንተና

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ጥገናና የጽሕፈት አገልግሎት ቤት እሠራለሁ። ደንበኞች በቫይረስ የተያዘ ፍላሽ እያመጡ «ፋይሌ ጠፋ» ይሉኛል፤ እኔም አጽድቼ እመልሳለሁ። ምኞቴ ግን ማልዌርን (ቫይረስን የመሰለ ጎጂ ሶፍትዌርን) በመመርመርና በመከላከል ሙያ መሠማራት ነው። ከየት ልጀምር? አሴምብሊ (ለማሽን ቋንቋ እጅግ የቀረበውን የፕሮግራም ቋንቋ) መማር ግዴታ ነው? ያለ ውድ የምስክር ወረቀትስ የሚቀጥረኝ ይኖራል?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ለልምምድ የሚሆንዎት ናሙና በየቀኑ እጅዎ እየገባ ሳይመረመር እየተሰረዘ ነውና ከእሱ እንጀምር። በአገራችን በፍላሽ የሚዛመተው፣ ሰዉ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚለው ማልዌር አብዛኛውን ጊዜ የደንበኛውን ፋይል አያጠፋም፤ የተደበቀ የሲስተም ፋይል አስመስሎ ከዓይን ይሰውረውና በቦታው ያንኑ ስም የያዘ ሾርትከት ያስቀምጣል። ባለቤቱ ሾርትከቱን ሲጫን ሰነዱ ይከፈትለታል፤ ከሰነዱ ጋር ግን የተሸሸገው ስክሪፕት (በጽሑፍ የተዘጋጀ የትእዛዝ ፋይል) አብሮ ይነሣል፣ ራሱን ወደ ኮምፒውተሩ ይገለብጣል፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ዳግም እንዲነሣም ዊንዶውስ ቅንብሮቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ፣ በሬጅስትሪው ውስጥ ይመዘገባል። ጠጋኙ የተደበቀውን ገልጦ ስክሪፕቱን ሲሰርዝ ሥራው ያበቃል። ተንታኙ ከዚያ በኋላ ብዙ የሚጠይቀው አለው፦ ስክሪፕቱ በምን ስም የት ተቀመጠ? ከየትኛው አድራሻ ጋር ይገናኛል? ከዚያስ ምን ትእዛዝ ይቀበላል? ይህ ፍላሽ የገባባቸው ሌሎች ኮምፒውተሮች መያዛቸው በምን ምልክት ይታወቃል?

የአሴምብሊ ጥያቄዎም እዚሁ ላይ ከፊል መልስ ያገኛል። ከእነዚህ ስክሪፕቶች ብዙዎቹ ቪቢስክሪፕት በተባለው የዊንዶውስ ስክሪፕት ቋንቋ የተጻፉ በመሆናቸው ሳይነሡ በኖትፓድ ተከፍተው ሊነበቡ ይችላሉ፤ ጸሐፊው ሆን ብሎ ቢያወሳስባቸውም የፓይተንን የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ የሚያውቅና ትዕግሥት ያለው ሰው ይፈታቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት አሴምብሊ አያስጨንቅዎ። ይልቅ ዊንዶውስ በጤናው ጊዜ ምን እንደሚመስል፣ የትኛው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) በየትኛው እንደሚነሣ፣ ሬጅስትሪው ምን እንደሚይዝ፣ ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ጠንቅቀው ይወቁ፤ ጤናማውን የማያውቅ ሰው የታመመውን ሊለይ አይችልምና። አሴምብሊ የሚያስፈልገው ወደ ማሽን ቋንቋ ተለውጠው ወደሚመጡ ፕሮግራሞች ሲሻገሩ ነው። ለዚህ ሥራ የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ በ2011 ዓ.ም. በነጻ የለቀቀው ጊድራ የተባለ መሣሪያ የማሽኑን ትእዛዝ ወደ ሲ ቋንቋ የተጠጋ ጽሑፍ አድርጎ ያቀርባል። የሚያቀርበው ግን ግምት ስለሆነ፣ በተጠራጠሩበት ቦታ ወደ አሴምብሊው ወርደው ማረጋገጥ ይኖርብዎታል።

ሙከራውን በሱቁ ኮምፒውተር ላይ በጭራሽ አያድርጉ። ከኔትወርክ የተነጠለ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ያዘጋጁ፤ ናሙናውን ከማስነሣትዎ በፊት ስናፕሾት (ማሽኑን ወደነበረበት የሚመልስ ቅጂ) ይያዙ፣ ከዋናው ኮምፒውተር ጋር የሚጋራ ፎልደርም አይኑረው። ደንበኛውን ሳያስፈቅዱ ከፍላሹ ምንም ነገር አይውሰዱ፤ ሲፈቀድልዎትም ስክሪፕቱን ብቻ እንጂ ሰነዶቹን አይንኩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል፤ «ለመማር ነው» ማለትም ከተጠያቂነት አያድንም።

ቅጥርን በተመለከተ ዋናክራይ የተባለውን፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ማልዌር ታሪክ ማንሣቱ ይጠቅማል። ማይክሮሶፍት ማልዌሩ የተጠቀመበትን ክፍተት የሚዘጋ ማሻሻያ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። ማልዌሩ በግንቦት 4 ሲለቀቅ ግን ማሻሻያውን ያልጫኑ ኮምፒውተሮችን ከ150 በሚበልጡ አገሮች ያዘ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማርከስ ሀቺንስ የተባለው ወጣት ተመራማሪ ማልዌሩ የሚጠይቀው የድረ ገጽ አድራሻ በማንም ስም አለመያዙን አይቶ አስመዘገበው፤ እርምጃው ስርጭቱን እንደሚገታ የተረዳው ግን ካስመዘገበው በኋላ ነው። ዜናው ያገነነው እርሱን ነው፤ ማሻሻያውን በሁለቱ ወራት ውስጥ ጭነው መሥሪያ ቤታቸውን ያዳኑትን የሲስተም አስተዳዳሪዎች ማንም አላነሣቸውም። የሚበዛው የሥራ ቦታ ግን የእነርሱ ዓይነት ነው። በባንክ፣ በቴሌኮም ወይም በመንግሥት ተቋም ውስጥ ማስጠንቀቂያዎችን ቀንና ሌሊት በፈረቃ የሚከታተል ክፍል ጀማሪ ይቀጥራል፤ ሙሉ ጊዜውን ለትንተና ብቻ የሚሰጥ ሰው የሚፈልግ ቀጣሪ ግን ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት በመጀመሪያው በር መግባት ይሻልዎታል።

ለዚያ በር ሴኪውሪቲ ፕላስን የመሰለ መነሻ የምስክር ወረቀት ይበቃል። ግሬም የሚባለውና በቀጥታ ማልዌር ትንተናን የሚመለከተው ፈተና ከሥልጠናው ጋር ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚያስወጣ ተበድረው አይግቡበት፤ ወደፊት ቀጣሪ ይክፈልልዎ። በምትኩ ካጸዷቸው ፍላሾች በጥቂቶቹ ላይ እያንዳንዳቸው ሁለት ገጽ ያልበለጡ ሪፖርቶች ይጻፉ፦ በመጀመሪያ አንድ ሥራ አስኪያጅ የሚረዳው አጭር አንቀጽ፣ ቀጥሎ የፋይሉ ሐሽ (ፋይሉን እንደ ጣት አሻራ የሚለይ ኮድ)፣ በኮምፒውተሩ ላይ የተወው አሻራ፣ የሚገናኝበት አድራሻ፣ በመጨረሻም ማልዌሩን የሚለይ የያራ (በፋይሎች ውስጥ የማልዌር ምልክት የሚፈልግ መሣሪያ) ሕግ። ቴክኒኩን የሚያውቁ ብዙ ተመራቂዎች ያገኙትን ነገር በጽሑፍ ማስረዳት ስለሚያቅታቸው፣ እንዲህ ያለ ሪፖርት ይዞ የቀረበ አመልካች ከማመልከቻው ክምር ውስጥ ቶሎ ይለያል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ በሄልፕ ዴስክ እሠራለሁ፤ ግሪን ካርድ አለኝ። በአካባቢያችን የሚወጡ የሳይበር ደህንነት የሥራ ማስታወቂያዎች ክሊራንስ (ምስጢራዊ መረጃ ለማየት መንግሥት የሚሰጠውን ፈቃድ) ይጠይቃሉ። በሩ ተዘግቶብኛል ማለት ነው?
አንባቢ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ክሊራንስ በመርሕ ደረጃ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎች ስለሆነ ለጊዜው ያንን መንገድ ትተው ወደ ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ያመልክቱ። አሁን ባሉበት ሥራ ደግሞ ሠራተኞች «አጠራጣሪ ኢሜይል ደረሰኝ» ብለው የሚልኩትን ጥቆማ የመመርመሩን ተግባር እንዲሰጥዎ አለቃዎን ይጠይቁ፤ ማልዌር ወደ መሥሪያ ቤት ከሚገባባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ኢሜይል በመሆኑ፣ ያንን ልምድ በማመልከቻዎ ላይ ያሰፍሩታል። ዜግነቱን ካገኙ በኋላም ክሊራንሱን የሚያስጀምርልዎት ቀጣሪው ነው እንጂ ራስዎ ከፍለው የሚያወጡት አይደለም፤ «በክፍያ እናወጣልዎታለን» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አጭበርባሪ ነው።