ፓስወርዱን ይዤው የሄድኩት ፕሮጀክት

ልጆች፣ ለኮርስ ፕሮጀክት አንድ የማኅበረሰብ ድርጅት ፈልጉ ተብላችሁ ከሆነ ይህን የምጽፈው ለናንተ ነው። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

ተማሪ ሳለሁ አራት ሆነን አረጋውያንን ለሚረዳ አንድ ትንሽ ድርጅት ዳታቤዝ ሠራን። የተረጂዎችን ስም፣ የጉብኝት ቀን፣ የመድኃኒት ዝርዝር ይይዛል። ፕሬዘንቴሽኑ ላይ ተጨበጨበልን፤ «ኤ» አገኘን። ከዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ጨርቅ ተጥሎበታል። መዝገብ ያዧ በድሮው ደብተር ላይ ትጽፋለች። «ምነው?» ስላት፣ «ፓስወርዱን እኮ ይዛችሁት ሄዳችሁ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪም ሆኜ፣ እንዲህ ባሉ ድርጅቶች ቦርድ ውስጥም ተቀምጬ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አይቼዋለሁ። ትልቁ ጣጣ ጊዜ ነው። ሴሚስተር ቢበዛ 15 ወይም 16 ሳምንት ነው። ግሩፕ እስኪዋቀርና ድርጅት እስኪገኝ ሦስቱ ያልቃሉ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ፈተና ይበላቸዋል። ድርጅቱ ደግሞ በሴሚስተር አይተዳደርም። እናንተ ስታርፉም ተረጂው በሩን ያንኳኳል። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ1995 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤፒክስ የተባለ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ መላ አለው። ፕሮጀክቱ ከሴሚስተሩ ጋር አይዘጋም፤ የቆየው ተማሪ ለአዲሱ እያስረከበ ይቀጥላል። የናንተ ዲፓርትመንት ይህ ባይኖረው፣ በቀራችሁ አሥር ሳምንት የሚያልቅ ትንሽ ሥራ ምረጡ።

ሌላው፣ ጥያቄው ከማን ይምጣ የሚለው ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች «የሳይንስ ሱቅ» የሚባል ነገር ከፈቱ። ሱቅ ይባል እንጂ ንግድ የለበትም። የማኅበረሰብ ድርጅቶች ጥያቄያቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች መልሱን ይፈልጋሉ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንሄደው መልሱን ሠርተን ነው። በዚያ ሴሚስተር የተማርነው ዳታቤዝ ስለሆነ የሰው ሁሉ ችግር ዳታቤዝ ይመስለናል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሄዳችሁ ቀን «ምን እንሥራላችሁ?» አትበሉ። «ዌብሳይት» ነው የሚሏችሁ፤ ተማሪ የሚሠራው እሱን ነው ብለው ስለሚያስቡ። ይልቅ አስፈቅዳችሁ ግማሽ ቀን ቁጭ በሉና ሥራቸውን እዩ። አንድ የማማክረው ግሩፕ ዌብሳይት ተጠይቆ ነበር። ሲቀመጡ ያዩት ግን የማያባራ ስልክ ነው። ደዋዩ ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ መቼ ትከፍታላችሁ፣ ምን ምን ሰነድ ይዤ ልምጣ? መፍትሔው በር ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ማስታወቂያና ስልኩ ላይ የተቀዳ መልእክት ሆኖ አረፈው። ልጆቹ ከፋቸው። «ይሄ ለኤ ይበቃል?» አሉኝ። እውነት ለመናገር ጥፋቱ የኛም ነው፤ የማርክ አሰጣጣችን የሚያደላው ለተወሳሰበው ነው። የድርጅቱ ፍላጎትና የመምህሩ መስፈርት ከተጋጩባችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለመምህሩ ንገሩት። በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ማንም አይሰማችሁም።

እነሱ ለናንተ የሚሰጡትንም ጊዜ ቁጠሩት። ሁለት ሦስት ሠራተኛ ያለው ቢሮ ውስጥ አራት ተማሪ በየተራ እየደወለ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ሥራ ይቆማል። አንድ ሰው ወክሉ፤ ጥያቄ ተሰብስቦ በሳምንት አንዴ ይሂድ።

የተረጂ ስም ደግሞ የፕሬዘንቴሽን ማድመቂያ አይደለም። እኔ ያኔ የአረጋውያኑን ስምና መድኃኒት ክፍል ውስጥ በትልቅ ስክሪን አሳይቻለሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ እኔም አላሰብኩትም። ለክፍል የፈጠራ ስም ተጠቀሙ፤ እውነተኛው መረጃ ላፕቶፓችሁ ላይ ቀርቶ አብሯችሁ አይመረቅ።

ርክክቡን የመጨረሻ ቀን አታድርጉት። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀር ሥራውን የምትረከበው ሴትዮ ራሷ ትቀመጥበት፤ እናንተ እጃችሁን አጣጥፋችሁ እዩ። «ቆይ እኔ ላሳይሽ» ማለት ክልክል ነው። የተደናቀፈችበት ቦታ ሁሉ ያላለቀ ሥራችሁ ነው። አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት፣ ፓስወርዱ እነሱ በመረጡት ቦታ ይቀመጥ። ኤክሴል የሚችል ሰው ካላቸው በኤክሴል ሥሩት፤ ከናንተ በኋላ የሚጠግኑት እነሱ ናቸው።

ያን ቀን ደብተሩን ገለጥ ሳደርገው ገጹ በማስመሪያ ተሰምሯል። ዓምዶቹን አወቅኳቸው። የኛ ፎርም ነው፤ ስም፣ የጉብኝት ቀን፣ መድኃኒት፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ዳር ላይ ግን እኛ ያላሰብነው አንድ ዓምድ ጨምራበታለች፦ «ማንን ናፈቁ?»