የጭረት ማጥፊያ ቅባት የቱን ጭረት ያጠፋል? ጥያቄና መልስ

ቀለም ቀቢው፦ ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ስቀባ 19 ዓመቴ ነው። ሰሞኑን «በየሱቁ የሚሸጠው የጭረት ማጥፊያ እውነት ይሠራል?» እያለ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ዛሬ ማታ እዚሁ ጠይቁኝ። የሞተር ጥያቄ ግን አታምጡ፣ ሙያዬ አይደለም።

የጫጫው፦ የቆርቆሮ አጥር የቪትዜን በር ጫረብኝ። ቅባቱ ያጠፋዋል?

ቀለም ቀቢው፦ ጥፍርህን በጭረቱ ላይ አግድም ቀስ አድርገህ አሳልፍ። ካልያዘህ ተስፋ አለው። ከያዘህ ግን ቅባቱ አያጠፋውም፣ ቢበዛ ጠርዙን ያለሰልሰዋል። ውሃም ጠብ አድርግበት። ሲረጥብ የማይታይ ከሆነ ላይ ላዩን ነው፤ ረጥቦም ከታየ ገብቷል።

ምክንያቱን ላስረዳ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከብረቱ በላይ አንቲረስት (ዝገት መከላከያው) እና ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ) አለ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከላይ ደግሞ ክሊር የምንለው ቀለም አልባ የሚያበራ ሽፋን። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ላይ ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን 40 ወይም 50 ቢሆን ነው፣ ከፀጉር ይቀጥናል። ቅባቱ ውስጥ ደቃቅ ዱቄት አለ፣ የሚሠራው እሱ ነው። ጭረቱን አይሞላውም። በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር እየፋቀ ከጭረቱ ወለል ጋር እኩል ያደርገዋል። ስለዚህ በጠፋ ጭረት ቁጥር ክሊር ከፍለሃል፣ የከፈልከው ደግሞ አይመለስም። ሌላው ዓይነት ሰምና ዘይት የበዛበት ነው፤ ጭረቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። መኪናው ሁለት ሦስቴ ላቫጆ ሲገባ ጭረቱ ተመልሶ ይመጣል።

ከመንካትህ በፊት እጠበው። ሳታጥቡ አትሹ!

ኮሮላ ነጂ፦ የጥርስ ሳሙናስ? እኔ ሞክሬ ጠፍቶልኛል።

ቀለም ቀቢው፦ የጠፋልህ ጭረት አልነበረም።

ኮሮላ ነጂ፦ እንዴት አልነበረም? በዓይኔ ያየሁትን!

የመንዝ ልጅ፦ ወንድሜ፣ የሌላ መኪና ቀለም ተለጥፎብህ ይሆናል። እኔም አንዴ ቢጫ ግንብ ተደግፌ ቢጫ መስመር ቀረብኝ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተነሣ።

ኮሮላ ነጂ፦ አንተ የኔን መኪና አይተሃታል?

ቀለም ቀቢው፦ የመንዝ ልጅ ልክ ነው። በቪዲዮ የሚያሳዩአችሁም ብዙው እንዲህ ያለ ነው፤ ግንብ ወይም ሌላ መኪና ሲነካህ የሚለጠፍ ቀለም። እሱ በምንም ይለቃል። የጥርስ ሳሙናም ዱቄት ስላለው በጣም ቀላሉን ሊያደበዝዝ ይችላል፣ ግን ለቀለም ተብሎ የተሠራ አይደለም። ተከራክራችሁ ከጨረሳችሁ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ሰላም ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ እዚህ ሙቀት ነው። ለውጥ አለው?

ቀለም ቀቢው፦ አለው እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ኮፈን እጅ ያቃጥላል፤ እዚያ ላይ ቅባት ብታደርጊ ገና ሳትሺው ይደርቅና ራሱ ይጭራል። ጥላ ውስጥ አቁሚው፣ ብረቱ እስኪበርድ ጠብቂ። እኛ ጋ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲመታ ጭረቱ ላይ በብሩሽ የምትነካኪው ቀለም ቶሎ አይደርቅም። ጠዋት ከቀባሽው አቧራ ሲለቅም ይውላል። እኔ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት አልጀምርም።

የመንዝ ልጅ፦ መኪና የሚያበላሸው ግን ብርዱ ነው ሙቀቱ?

ዘደብረ ሲና፦ ሁለቱም አይደሉም፣ የጣርማ በር ጉም ነው። ሁሌ እርጥብ ነን።

የመንዝ ልጅ፦ ጉም ቀለም ይነካል እንዴ? እኛን የፈጀን የፒስታው ጠጠር ነው።

ቀለም ቀቢው፦ ክሊር የሚገድለው ፀሐይ ነው። ደጋ ስለሆንን ቀዝቅዞን ረሳነው እንጂ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ይበረታል። ኮፈንና ጣራ መጀመሪያ የሚነጡት ለዚህ ነው። ጉሙ የሚጎዳው ጭረቱ ብረት ካየ ብቻ ነው፤ ያኔ ይዝጋል። በቃ፣ ቀጥሉ።

አይሱዙ፦ ማስተር፣ ጭረት አለኝ። ምን ልግዛ?

ቀለም ቀቢው፦ የት? ምን ያህል የገባ? ምን ቀለም? ጥፍር ይይዛል? ይሄን ሳትነግረኝ ምን እልሃለሁ? ከላይ ያለውን አንብብ።

ቤቲ፦ የኔ አሮጌ ነጭ ቶዮታ ናት። ስፈትጋት ጨርቁ ነጭ ሆነ፣ ደነገጥኩ።

ቀለም ቀቢው፦ አትደንግጪ፣ ግን አቁሚ። በር ስትከፍቺ ወይም ሞተሩ ጋ ያለው ሰሌዳ ላይ የቀለም ቁጥር አለ። 040 የሚል ከሆነ ያ ነጭ በብዛት ክሊር ሳይደረግበት የወጣ ነው። የምትፈትጊው ቀለሙን ራሱን ነው ማለት ነው። በስሱ ፖሊሽ ማድረግ ይቻላል፣ ያምርማል፤ ከበዛ ግን ፕራይመሩ ይወጣል። እዚህ አገር ድጋሚ የተቀባ መኪናም እንደዚያው ነው፣ ክሊሩ ስስ ይሁን ወፍራም ማን ያውቃል። ክሊር በሌለበት ጭረት ማጥፊያ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ባጃጅ፦ በብርጭቆ ወረቀትስ? 2000 ቁጥር ይሉታል።

ቀለም ቀቢው፦ በውሃ እኔ እሠራዋለሁ። አንተ አትንካው።

የጫጫው፦ ጥፍሬን ያዘው። ቅባቱ ያጠፋዋል?

ቀለም ቀቢው፦ መለስኩልህ እኮ! ጥፍር ከያዘ አያጠፋውም። ውስጡ ግራጫ ወይም ነጭ ከታየህ ፕራይመር ደርሷል፣ ብረቱ ካብለጨለጨ ክረምት ሳይገባ አስቀባው።

ሲሊኮን ስላለው ቅባት ሳልናገር ግን አልሄድም፣ ስለሱ የጠየቀኝ የለም። አምና አንድ ደንበኛ ጥቁር ኮሮላ አመጣ። ከመሐል ሜዳ አቧራ እንደ ለበሰ መጥቶ፣ ሳያጥብ በብርድ ልብስ ቁራጭ ቅባት እየቀባ ሲፈትገው ሰንብቷል። ፀሐይ ላይ ሳቆመው ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ መስመር ሞልቷል። አንድ ጭረት ሊያጠፋ ሺ ጭረት ሠራ። ኮፈኑን ሙሉ ለመቀባት ተስማማን። የመጀመሪያውን ቀለም ስረጨው እዚህም እዚያም ክብ እየሠራ ሸሸ፣ ልክ እንደ ዓሣ ዓይን፣ መሐሉ ባዶ። የቅባቱ ሲሊኮን ነው፤ ቀለም እላዩ አይቀመጥም። አራግፌ፣ አጥቤ፣ ፈግፍጌ እንደገና ጀመርኩ። ሁለት ቀን ሄደብኝ፣ እሱም የሁለተኛ ዙር ቀለም ከፈለ። የቀባችሁት ነገር ካለ መኪናውን ስታመጡ ለቀለም ቀቢው ንገሩት። አትደብቁ፣ አንቆጣም።

ሰላም ከሸዋ ሮቢት፦ ያልተቀባ ጥቁር የፕላስቲክ ፓራውልትስ?

ቀለም ቀቢው፦ አታድርጊ። ቅባቱ ነጭ ሆኖ ላዩ ላይ ይቀራል።

ኮሮላ ነጂ፦ እሺ ማስተር፣ የጥርስ ሳሙናውን ትቼ ቅባቱን ገዛሁ። አሁን እዚሁ ደጅ ላይ ልጀምር?

ቀለም ቀቢው፦ አጥበኸዋል?

ኮሮላ ነጂ፦ አይ፣ ደረቅ ጨርቅ አድርጌበታለሁ።

ቀለም ቀቢው፦ ጨርቁን አስቀምጥ። ውሃና ሳሙና አምጣ፣ እጠበው፣ ይድረቅ። ከዚያ የማይታይ ቦታ፣ ከበሩ ታች ላይ በትንሹ ሞክርና ፎቶ ላክልኝ። ሌሎቻችሁ ነገ ማታ።